ሶልቨሩ እምቢ ሲል

ሕንፃውን ስለው፣ ጭነቱን አስገብተው፣ ኮምቢኔሽኑን ሠርተው ራን ሲሉት ኤታብስ «ስትራክቸሩ ያልተረጋጋ ነው» ብሎ ቆመ እንበል። ወይም አባከስ «ኒውመሪካል ሲንጉላሪቲ» የሚል መስመር ደጋግሞ ደርድሮ ወጣ። የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ከሆነ መልእክቱን ዝም ለማሰኘት መቸኮል ያለ ነው። አንዱ ኖዱ ላይ ሰፖርት ይለጥፋል፣ ሌላው ሶልቨሩን ይቀይራል፣ ሌላው ማስጠንቀቂያውን «ኦኬ» ብሎ አልፎ ወደ ዲዛይን ይገባል። ይህን አያድርጉ። የሶልቨር ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሶፍትዌሩ ጥፋት አይደለም። በሳሉት መዋቅር ውስጥ ማንም ያልያዘው አካል አለ ማለት ነው፤ ያንን አካል ሳያገኙ መልእክቱን ካጠፉት ችግሩ ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱም ወደ ሳይቱ ይሄዳል።

ሶልቨሩ የሚያደርገውን ማወቅ ፍለጋውን በግማሽ ያቀልለዋል። እያንዳንዱ ኖድ ስድስት የመንቀሳቀሻ አቅጣጫ አለው፤ በሦስቱ ይሄዳል፣ በሦስቱ ይዞራል። ሶፍትዌሩ የእነዚህን ሁሉ ስቲፍነስ በአንድ ትልቅ ማትሪክስ ይሰበስብና ጭነቱን ሰጥቶት መፈናቀሉን ይፈልጋል። አንዱ አቅጣጫ የሚይዘው ስቲፍነስ ከሌለው ስሌቱ ሲቀጥል በማካፈያው ቦታ ላይ ዜሮ ይመጣል። በዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ሶልቨሩ ይቆማል፤ ወይም ዜሮ ሊሆን ጥቂት የቀረው ቁጥር ያገኝና ኪሎሜትሮች የሚያህል መፈናቀል ያወጣል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ የተጻፈው በኤታብስ፣ በሳፕ2000 እና በሴፍ ለሚሠሩ የሕንፃ ዲዛይነሮች ነው፤ በአንሲስና በአባከስ ለሚሠሩም አመክንዮው ያው ነው።

መልእክቱን ከላይ ወደ ታች ያንብቡ

ምንም ነገር ከመነካካትዎ በፊት ፋይሉን በሌላ ስም ያስቀምጡ። ከዚያ የአናሊሲስ ሎጉን ይክፈቱ። አንድ ሺህ ማስጠንቀቂያ ቢኖርም የሚጠቅምዎ የመጀመሪያው ነው፤ የቀሩት ብዙዎቹ እሱ የወለዳቸው ናቸው። ከመጀመሪያው መስመር ላይ አራት ነገር ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ የትኛው ኖድ፣ በየትኛው አቅጣጫ፣ በየትኛው ሎድ ኬዝ፣ ከፍታውና የአክሲስ መስመሩ የት እንደሆነ።

ሎድ ኬዙ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ስህተቱ ገና ከዴድ ሎድ ጀምሮ ከታየ መዋቅሩ ራሱ አልተያያዘም ማለት ነው። ዴድና ላይቭ በሰላም አልፈው ፒ-ዴልታ የተጨመረበት ኬዝ ላይ ከቆመ ጉዳዩ ባክሊንግ ወይም ከልክ ያለፈ ልስላሴ ነው። ቀጥተኛው ስሌት ሁሉ አልፎ አፕሊፍት ያለበት የፉቲንግ ኬዝ አልቀመጥ ካለ ጥያቄው ስለ ሚዛን ነው። እነዚህ ሦስቱ ፈጽሞ የተለያዩ በሽታዎች ስለሆኑ በአንድ መድኃኒት ለማከም አይሞክሩ።

የሚንቀሳቀሰውን አካል በዓይንዎ ይዩት

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ደረጃ ነው። በሳፕና በኤታብስ የሶልቨር ምርጫ ውስጥ ገብተው ከፈጣኑ ሶልቨር ወደ ስታንዳርዱ ይመለሱ። ስታንዳርዱ ዝግተኛ ቢሆንም ስለ አለመረጋጋት የተሟላ መረጃ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ፈጣኖቹ የሚሰጡት የተወሰነ ነው። ሶልቨር መቀየር ትክክል የሚሆነው ለዚህ ለምርመራ ሲሆን ነው።

አሁን የተጠቀሰውን ኖድ ፈልገው ያጉሉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ሎጉ የጠራው ኖድ ጥፋተኛው ላይሆን ይችላል። ሶልቨሩ ስሌቱን የሚያስኬደው በራሱ ቅደም ተከተል ስለሆነ ዜሮው የሚታየው ከልቅ አካሉ ኖዶች መካከል መጨረሻ በደረሰበት ላይ ነው። ኖዱ ከልቅ አካሉ ውስጥ መሆኑ እርግጥ ነው፤ የተፈታው መገጣጠሚያ ግን ከዚያ ሦስት ቢም ርቆ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ኖዱን ሳይሆን ኖዱ ያለበትን አካል በሙሉ ይመርምሩ።

ሞዴሉ ትልቅ ሆኖ ካስቸገረ የሚከተለውን ያድርጉ። በቅጂው ፋይል ላይ በየኖዱ በጣም ደካማ ስፕሪንግ ይጨምሩ፤ የሕንፃውን ስቲፍነስ የማይነካ፣ ስሌቱ እንዲያልቅ ብቻ የሚያስችል። ራን ያድርጉና በዴድ ሎድ ስር ያለውን ቅርጽ ይመልከቱ፤ ልቅ የሆነው አካል ከሌላው ተለይቶ ርቆ ይሄዳል። ሞዳል አናሊሲስም ይሥሩና የመጀመሪያዎቹን ሞዶች በእንቅስቃሴ ያሳዩ። በዩሮኮድ 8 ግምታዊ ቀመር የ15 ሜትር ከፍታ ያለው የኮንክሪት ፍሬም ፔሬድ 0.57 ሴኮንድ አካባቢ ነው። የእርስዎ ጂ+4 የመጀመሪያ ሞድ 40 ሴኮንድ ካወጣ፣ የሚወዛወዘው ሕንፃው ሳይሆን አንድ ያልታሰረ ቢም ወይም የደረጃ ማረፊያ ነው፤ አኒሜሽኑ ላይ ብቻውን ሲጨፍር ያዩታል። ጥፋቱን ካገኙ በኋላ ስፕሪንጎቹን የያዘውን ፋይል ይዝጉትና ማስተካከያውን በዋናው ላይ ይሥሩ። ስፕሪንጎቹ ወደ ዲዛይን ፋይሉ መግባት የለባቸውም።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። ስፋቱ 25፣ ከፍታው 50 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ቢም ከአውቶካድ ተስቦ ገብቷል። በአንድ ጫፉ ከኮለሙ መሀል 2 ሚሊሜትር ጎድሏል። የፕሮግራሙ የማዋሃጃ ርቀት 1 ሚሊሜትር ከሆነ ሁለቱን ነጥቦች አያዋህዳቸውም፤ ስክሪኑ ላይ ግን የተገናኙ ይመስላሉ። በሌላው ጫፍ ሞመንት ሪሊዝ ከተሰጠው ቢሙ በዚያ ጫፍ ላይ እንደልቡ ይሽከረከራል፤ ሶልቨሩም ወዲያው ይጮኻል። ሪሊዝ ካልተሰጠው ግን ካንቲሊቨር ሆኖ ይቆማል፤ ሶልቨሩ አንድም ቃል አይናገርም። በ20 ኪሎኒውተን በሜትር ጭነትና በሲ-25/30 ኮንክሪት፣ ሁለት ጫፉ ላይ በነፃነት የተቀመጠ ያው ቢም 4.2 ሚሊሜትር ይጎብጣል፤ ካንቲሊቨር ሲሆን 40 ሚሊሜትር፣ ማለትም 9.6 እጥፍ። አንዱ ያው የ2 ሚሊሜትር ክፍተት በአንድ ሞዴል ውስጥ ስህተት ሆኖ ይወጣል፣ በሌላው ውስጥ ተደብቆ ያልፋል። የመጀመሪያው የተሻለ ዕድል ነው።

እንዲህ ያለውን ክፍተት ለማግኘት የኖድ ቁጥሮችን ያብሩ፤ አንድ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ሁለት ቁጥር ተደራርቦ ካዩ አገኙት። «ቼክ ሞዴል» የሚለውን ትእዛዝም ይጠቀሙ፤ የተቀራረቡ ኖዶችን፣ የተደራረቡ ቢሞችንና ከሌላው ጋር ያልተገናኙ አካላትን ይዘረዝራል። የማዋሃጃ ርቀቱን ከፍ ማድረግ ቀላል መፍትሔ ቢመስልም በልክ ይሁን፤ 50 ሚሊሜትር ካደረጉት ሆነ ተብሎ የተለያዩ ነጥቦችም ይዋሃዱና ሌላ ችግር ይፈጠራል። የተሻለው መንገድ የአክሲስ መስመሮቹን በሙሉ ቁጥር አስተካክሎ ቢሙን በግሪዱ ላይ እንደገና መሳል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚገኙ ጥፋቶች

ሪሊዞች። አንድን ቢም በሁለቱም ጫፍ ቶርሽን ሪሊዝ ካደረጉት በራሱ ዘንግ ላይ የሚሽከረከር በትር ይሆናል። አንዱን ጫፍ ይመልሱት። በአንድ ኖድ ላይ የሚገናኙት ቢሞች ሁሉ በዚያ ጫፍ ሪሊዝ ከሆኑም ኖዱ ራሱ መዞሩን የሚከለክለው የለም፤ ቢያንስ አንደኛው ሳይፈታ ይቅር። የጣሪያ ትራስ ላይ ይህ በተደጋጋሚ ያጋጥማል።

የቶርሽን ሞዲፋየር። የቢሞችን ቶርሽን መቀነስ የተለመደ አሠራር ነው፤ ዜሮ ማድረግ ግን አደገኛ ነው። ከበር በላይ ወጣ ብሎ የተሠራ መከለያ በአንድ ቢም ጎን ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ከሆነ፣ እንዳይገለበጥ የያዘው የዚያ ቢም ቶርሽን ነው። ያንን ዜሮ ሲያደርጉ የመከለያውን ብቸኛ መያዣ አጠፉት። እዚህ ላይ ሶልቨሩ ያቀረበው አቤቱታ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ቢሙም ለቶርሽን ዲዛይን ሊደረግለት ይገባል።

ሜምብሬን። በኤታብስ ውስጥ ስላብን ሜምብሬን ማድረግ ጭነቱን ወደ ቢሞች ለማከፋፈል ይጠቅማል፤ ለሪብድ ስላብ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ሆኖም ሜምብሬን ወደታች ለሚመጣ ጭነት ምንም ስቲፍነስ የለውም። ቢም የሌለበትን ፍላት ስላብ ሜምብሬን ካደረጉት፣ ወይም ሜምብሬኑን በውስጡ ኖድ እንዲኖረው አድርገው ከከፋፈሉት፣ መሀል ላይ ያሉት ኖዶች በአየር ላይ ናቸው። ፍላት ስላብ ከሆነ ሼል ያድርጉት።

ሜሽ። የስላቡ ክፍፍል ከሺር ዎሉ ክፍፍል ጋር ካልገጠመ የአንዱ ኖድ በሌላው ጠርዝ መሀል ላይ ያርፍና ሳይያያዝ ይቀራል። የጠርዝ ኮንስትሬይንት ያብሩ፤ ወይም ደግሞ ሁለቱን በተመሳሳይ ልክ ይከፋፍሉ።

ሰፖርት። የመሠረት ኖዶች ሁሉ ተይዘው እንደሆነ በጨረፍታ አይዩ፤ ሠንጠረዡን አውጥተው ይቁጠሩ። ቤዝመንት ባለበት ሕንፃ ውስጥ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ የሚያርፍ አንድ ኮለም ተረስቶ መቅረቱ የተለመደ ነው።

አሃዞች ሲጠፉ

አንዳንዴ ሳፕ ወይም ኤታብስ ስሌቱን ጨርሶ በሎጉ ላይ «11 አሃዝ ትክክለኛነት ጠፍቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይተዋል። ኮምፒውተሩ በአንድ ቁጥር ውስጥ የሚይዘው ወደ 15 አሃዝ ነው። 11ዱ ከጠፉ የሚታመኑት አራት ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ካለፈ ውጤቱን አይጠቀሙበት። አንዱ ምክንያት ከላይ ያየነው ልቅ አካል ነው። ሌላው ደግሞ በጣም ግትር የሆነ ነገር ከለስላሳ ነገር ጎን መቀመጡ ነው። «ግትር ይሁን» ብለው ለአንድ አገናኝ ኤለመንት ከጎረቤቱ ቢሊዮን እጥፍ ስቲፍነስ ከሰጡት ትናንሾቹ ቁጥሮች በትልቁ ውስጥ ይሰምጣሉ። ከአጎራባቹ ከ100 እስከ 10,000 እጥፍ የሆነ ስቲፍነስ ለማንኛውም ተግባራዊ ጉዳይ ግትር ነው። ፍጹም ግትርነት ካስፈለገ ኮንስትሬይንት ይጠቀሙ።

ፒ-ዴልታ አልቀመጥ ሲል

ኔጌቲቭ ስቲፍነስ ወይም ኔጌቲቭ አይገንቫልዩ የሚል መልእክት በፒ-ዴልታ ላይ ከመጣ፣ የአክሲያል ጭነቱ መዋቅሩ ወደ ጎን ያለውን ስቲፍነስ በልቶ ጨርሶታል ማለት ነው። መጀመሪያ ዩኒቱን ይመርምሩ። የሲ-25/30 ኮንክሪት ሞዱለስ 31 ጊጋፓስካል ነው፤ በኪሎኒውተንና በሜትር 31,000,000፣ በኒውተንና በሚሊሜትር 31,000 ሆኖ ይገባል። በኪሎኒውተንና በሜትር እየሠሩ 31,000 ካስገቡ ሕንፃው ሺህ እጥፍ ለስልሷል፤ ቀጥተኛው ስሌት ይህን ሳይናገር ያልፋል፣ ፒ-ዴልታው ግን ይወድቃል።

ዩኒቱ ትክክል ከሆነ የክራክ ሞዲፋየሮቹን ይዩ። ዩሮኮድ 8 የበለጠ ትክክለኛ ትንተና ካልተሠራ በቀር የኮንክሪት አካላትን ስቲፍነስ ወደ ግማሽ ያወርዳል። ያ ግማሽ በማቴሪያሉም በሴክሽኑም ላይ ሁለት ጊዜ ገብቶ ሩብ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ሕንፃው በእርግጥ ለስላሳ ነው። የየፎቁን የቴታ መጠን ያሰሉ፦ ከፎቁ በላይ ያለው ጠቅላላ ክብደት በፎቁ ድሪፍት ተባዝቶ፣ ለፎቁ ሺር ኃይልና ለፎቁ ቁመት ብዜት ሲካፈል። እስከ 0.1 ድረስ ሴኮንድ ኦርደርን መተው ይቻላል፤ ከ0.3 ማለፍ ግን ኮዱ አይፈቅድም። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የምትከተለው ደረጃ በዩሮኮድ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ይኸው ገደብ እኛንም ይይዘናል። እዚህ ላይ ሶልቨሩን በማባበል የሚገኝ መፍትሔ የለም፤ ኮለም ማሳደግ ወይም ሺር ዎል መጨመር ነው።

ፉቲንጉ ሲነሳ

በሴፍ ውስጥ አፈሩ ግፊት ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ የሚሠራ ስሌት በየዙሩ ከአፈሩ የተላቀቀውን ክፍል እያወጣ እንደገና ይሰላል። ዙሩ አላልቅ ካለ ብዙ ሰው የዙሮቹን ቁጥር ከፍ ያደርጋል፣ የስህተት ገደቡን ያላላል። ከዚያ በፊት ግን ካልኩሌተር ያንሱ። የፉቲንጉና በላዩ ያለው አፈር ክብደት ተደምሮ የአክሲያል ኃይሉ 400 ኪሎኒውተን፣ ሞመንቱ 500 ኪሎኒውተን ሜትር ይሁን። ኤክሰንትሪሲቲው 1.25 ሜትር ነው። ፉቲንጉ 2.4 ሜትር ስፋት ካለው ግማሹ 1.20 ነው። የኃይሉ መስመር ከፉቲንጉ ውጭ ወድቋል፤ ፉቲንጉ ይገለበጣል። ለዚህ ሚዛን የሚሆን መልስ በሂሳብ የለም፤ ዙሩን ሚሊዮን ቢያደርጉትም አይመጣም።

ኤክሰንትሪሲቲው ከስፋቱ አንድ ስድስተኛ ሲያልፍ አንዱ ጠርዝ መነሳት ይጀምራል፤ ግማሹ ላይ ሲደርስ ሁሉም ነገር ያበቃል። ከቦታው ወሰን ጋር ተጣብቆ የሚሠራ የጠርዝ ፉቲንግ ላይ ይህን መጀመሪያ በእጅ አስልተው ይግቡ፤ ስትራፕ ቢም ወይም የጋራ ፉቲንግ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ሚዛኑ ኖሮ ስሌቱ ብቻ ከተቸገረ ጭነቱን በትናንሽ ደረጃዎች ይከፋፍሉ፤ ዴድ ሎዱ መጀመሪያ ገብቶ የጎን ኃይሉ በላዩ ይቀጥል። አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ፦ አፕሊፍት ባለበት ስሌት የየጭነቱን ውጤት ለየብቻ አስልቶ መደመር ስህተት ነው። እያንዳንዱ ኮምቢኔሽን ራሱን የቻለ ኖንሊኒየር ኬዝ ሆኖ መሠራት አለበት።

ሞዶቹ ሲያንሱ

12 ሞድ ጠይቀው 9 ብቻ ከመጣ አይደንግጡ። ሪጂድ ዲያፍራም ባለበትና የጎን ማስ ብቻ በተወሰደበት ሞዴል እያንዳንዱ ፎቅ የሚሰጠው ሦስት ሞድ ነው፤ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ከ9 በላይ የለውም። የሚቆጠረው በሁለቱ የጎን አቅጣጫዎች የተሳተፈው ማስ 90 በመቶ መድረሱ ነው። አንድም ሞድ ካልመጣ የማስ ሶርሱ ባዶ መሆኑን ይመልከቱ።

ማሽኑ ራሱ

ሞዴሉ ደህና ሆኖ ስሌቱ መሀል ላይ ከተቋረጠ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ ይዩ። ፋይሉን ከፍላሽ ወይም ከኔትወርክ ላይ አይሥሩ፤ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ፣ አጭር የፎልደር ስም ሰጥተው ያስቀምጡት። መብራት ጠፍቶ ፋይሉ አልከፈት ቢል ኤታብስና ሳፕ ከዋናው ፋይል ጎን በጽሑፍ መልክ የሚተዉትን መጠባበቂያ ኢምፖርት ያድርጉ፤ ጂኦሜትሪውና ጭነቱ እዚያ ውስጥ አለ።

ስሌቱ ካለፈ በኋላ

ሎጉ ንጹሕ መሆኑ ውጤቱን ትክክል አያደርገውም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1991 በኖርዌይ ስታቫንገር አጠገብ የስላይፕነር ኤ የነዳጅ መድረክ የኮንክሪት መሠረት ሲሞከር ባሕር ውስጥ ሰጠመ። በናስትራን የተሠራው ስሌት ሳይቋረጥ አልፎ ነበር። ነገር ግን በግድግዳዎቹ መገናኛ ላይ ሜሹ ሻካራ ስለነበር የሺር ኃይሉ በ47 በመቶ አንሶ ታይቷል፤ በዚያ ላይ የብረት አጣጣሉ በቂ አልነበረም። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተሠራ ስሌት ግድግዳው 62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰነጠቅ አሳየ፤ በእውነት የተሰነጠቀው 65 ሜትር ላይ ነው።

ስለዚህ ከዲዛይን በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ። የመሠረት ሪአክሽኖችን ድምር ከእጅ ግምትዎ ጋር ያስተያዩ፤ 300 ካሬ ወለል፣ አምስት ወለል፣ በካሬ 12 ኪሎኒውተን ቢገምቱ 18,000 ይሆናል። ሶፍትዌሩ 9,000 ካለ የራስ ክብደት ወይም ከአንድ በላይ የሆኑ ወለሎች ጭነት አልገባም። ከዚያ አንድ ቀላል ቢም መርጠው ጉብጠቱን በእጅ ያስሉ፤ 4 ሚሊሜትር በሚጠበቅበት ቦታ 40 ካዩ ወደዚያች የ2 ሚሊሜትር ክፍተት ይመለሱ። በመጨረሻም ሺር ዎል ከስላብ በሚገናኝበት፣ ኮለም ፍላት ስላብ በሚወጋበትና በክፍት ቦታዎች ማእዘን ላይ ሜሹን በግማሽ አድቅቀው እንደገና ራን ያድርጉ። ማእዘኑ ነጥብ ላይ ያለው ጫፍ ቁጥር ሜሹ በደቀቀ መጠን እየወጣ ሊሄድ ስለሚችል በእሱ አይፍረዱ፤ በአንድ የተቆረጠ መስመር ላይ የተደመረውን ሺር ያወዳድሩ። በሁለቱ ራን መካከል ከአምስት በመቶ በላይ ከተለወጠ እንደገና ያድቅቁት።